ደም እንዴት ይረጋል? የት ላይ ማቆም እንዳለበትስ በምን ያውቃል?

ነገር_አጣሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ጥያቄ ሲከነክነኝ ሰነበተ። ቢላ ጣቴን ሲቆርጠኝ ደሙ ትንሽ ይፈስና ቀጥ ይላል። ይሄን ሁላችንም እናውቃለን። ግን ያው ደም ቀን ከሌት በሰውነቴ ውስጥ ሲዘዋወር የማይረጋው ለምንድን ነው? ደግሞስ አንዴ መርጋት ከጀመረ፣ ከጣቴ ተነስቶ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴም ወደ ልቤ እንዳይቀጥል ምን ከለከለው? ትምህርት ቤት «ፕላትሌት ደም ያረጋል» ተባልን፣ ፈተናውን አለፍን፣ በዚያው ቀረ። ጠለቅ አድርጎ የሚያውቅ ካለ በቀላሉ ያስረዳኝ።

አጭር_መልስ፦
እኔ የማውቀው አየር ሲነካው ይረጋል የሚለውን ነው። ደም ስር ውስጥ አየር የለም፣ ስለዚህ ፈሳሽ ሆኖ ይቆያል። ቁስል ሲከፈት አየር ያገኘዋል፣ ይረጋል። እንደዚያ አይደለም እንዴ?

የላብ_ሰው፦
ብዙ ሰው እንደዚያ ያምናል፤ ግን አየር እዚህ ውስጥ ምንም ድርሻ የለውም። እግር ውስጥ ወይም ሳንባ ውስጥ ደም የሚረጋባቸው ሰዎች አሉ። እዚያ አየር አልገባም። በተቃራኒው፣ ሲትሬት ባለበት ቱቦ የተቀዳ ደም ክዳኑ ተከፍቶ አየር ሲያገኘው ቢውልም አይረጋም። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ስለያዘበት ነው። ካልሲየም ከሌለ ሥራው ይቆማል። ላብራቶሪ ውስጥ ፕላዝማውን (ሴሎቹ ሲወጡ የሚቀረውን የደም ፈሳሽ) ከካልሲየምና ቲሹ ፋክተር ከሚባለው ፕሮቲን ጋር ስናገናኘው፣ ጤነኛ ሰው ላይ ከ11 እስከ 14 ሰከንድ ገደማ ውስጥ ይረጋል። የምንሠራበት ምርመራ ይሄው ነው። ሰዓቱን ይዘህ ስትመለከት፣ ንጹሕ ቢጫ የነበረው ፈሳሽ በዓይንህ ፊት ይወፍራል።

ስለዚህ መርጋቱን የሚያስነሳው፣ ደም ማግኘት የሌለበትን ነገር ሲያገኝ ነው። የደም ስር የውስጥ ግድግዳ በአንድ ረድፍ ስስ ሴሎች የተሸፈነ ነው። ከእነሱ ኋላ ኮላጅን የሚባል ጠንካራ የፕሮቲን ክር አለ፣ ቲሹ ፋክተር የተሸከሙ ሴሎችም አሉ። ግድግዳው ደህና እስከሆነ ድረስ ደሙና እነዚህ ነገሮች አይተያዩም። ቢላው ሲቆርጥህ ይገናኛሉ። በቃ፣ መነሻው ይሄ ነው።

ነገር_አጣሪ ሁለተኛ ያልከው ግን ዋናው ጥያቄ ነው። ለእኔ የሚያስገርመው ደም መርጋቱ አይደለም። ደም ለመርጋት ሁልጊዜ ዝግጁ ነው፤ የሚያስፈልገው ሁሉ ውስጡ አለ። የሚያስገርመው በተፈለገበት ቦታ ላይ ብቻ ረግቶ ማቆሙ ነው። በሥራ ላይ የማያቸው በሽታዎችና መድኃኒቶች በሙሉ በዚህ ዙሪያ ያሉ ናቸው። ማታ ሰፋ አድርጌ እመለሳለሁ።

ነገር_አጣሪ፦
እየጠበቅኩህ ነው። ዝም ብለህ ከመጀመሪያው ጀምር፣ አንድም ነገር አትዝለል።

የላብ_ሰው፦
እሺ። ጣትህ ተቆረጠ እንበል።

መጀመሪያ የተቆረጠው ደም ስር ራሱ ይጠብባል። ግድግዳው ላይ ያለው ጡንቻ ይኮማተራል፣ የሚፈሰው ይቀንሳል። ይሄ ጊዜ መግዣ ነው።

ቀጥሎ ፕላትሌቶች ይመጣሉ። የሚሠሩት የአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው፤ ከአንድ ግዙፍ ሴል እየተቆረሱ የሚወጡ ቁርጥራጮች ናቸው። ኒውክለስ የላቸውም። ዕድሜያቸው ከ7 እስከ 10 ቀን ነው። በአንድ ማይክሮሊትር ደም ውስጥ ከ150 ሺህ እስከ 450 ሺህ ይገኛሉ። ጎርፎ የሚያልፍ ደም ውስጥ ሆነው ቁስሉን እንዴት ይይዛሉ? የሚያስይዛቸው ቮን ዊልብራንድ ፋክተር የሚባል ረጅም ፕሮቲን ነው። ተጠቅልሎ ይዞራል፤ የተጋለጠ ኮላጅን ላይ ሲጣበቅ የደሙ ፍሰት ይዘረጋዋል፣ ፕላትሌቶቹም እሱን ይይዛሉ። ስሙ የፊንላንዱ ሐኪም የኤሪክ ፎን ዊልብራንድ ነው። በ1926 (በፈረንጆቹ) ከኦላንድ ደሴቶች የመጣ፣ ብዙ የሚደማ አንድ ቤተሰብን በሽታ ጽፎ ያሳወቀ ሰው ነው።

የተጣበቀ ፕላትሌት መልኩ ይለወጣል። ክብ የነበረው እሾሃማ ይሆናል። ኤዲፒና ትሮምቦክሳን የሚባሉ ኬሚካሎችን ይረጫል፤ እነሱን ያገኘ ሌላ ፕላትሌትም ይነቃል፣ ይጠጋል። ፋይብሪኖጅን በሚባል የደም ፕሮቲን ተያይዘው ክምር ይሠራሉ። ለትንሽ ጭረት ይሄ ብቻ ሊበቃ ይችላል። ለትልቅ ቁስል ግን አይበቃም፤ ደሙ ገፍቶ ያፈርሰዋል።

እዚህ ላይ ነው ፋክተር የሚባሉት የሚያረጉ ፕሮቲኖች ሥራ የሚመጣው። አብዛኞቹን የሚሠራቸው ጉበት ነው። በሮማውያን ቁጥር ከ1 እስከ 13 ይጠራሉ፣ 6 ቁጥር ግን የለም። የተጋለጠው ቲሹ ፋክተር ከፋክተር 7 ጋር ይገናኛል። ሁለቱ ፋክተር 10ን ያነቃሉ። ፋክተር 10 ፕሮትሮምቢንን (ፋክተር 2 የሚባለውን) ቆርጦ ትሮምቢን ያደርገዋል። መጀመሪያ ላይ የሚወጣው ትሮምቢን ጥቂት ነው። ግን ተመልሶ ፋክተር 5ን፣ 8ንና 11ን ያነቃል፤ ፕላትሌቶቹንም ይቀሰቅሳል። እነሱ በተራቸው እጅግ ብዙ ትሮምቢን ያስገኛሉ። ጥቂቱ ብዙውን የሚጠራው እንዲህ ነው።

ትሮምቢን ደግሞ ፕላዝማ ውስጥ ሟሙቶ የሚዞረውን ፋይብሪኖጅን ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው እርስ በርሱ እየተያያዘ ፋይብሪን የሚባል ክር ይሆናል። ክሩ እንደ መረብ ፕላትሌቶቹንና ቀይ የደም ሴሎቹን ይይዛል። በመጨረሻ ፋክተር 13 ክሮቹን እርስ በርስ ያጣብቃቸዋል። ከዚያ በኋላ በቀላሉ አይበጠስም።

የማታ_ተረኛ፦
ነርስ ነኝ። የላብ_ሰው የጻፈው ከምናየው ጋር ስለሚገናኝ አንድ ነገር ልጨምር። ቁስል የሚጫን ሰው በየግማሽ ደቂቃው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ «ቆመ?» ብሎ ያያል። ይሄ ነው ሥራውን የሚያበላሸው። ያቺ መረብ ገና ሳትጠነክር ከጨርቁ ጋር ተነቅላ ትመጣለች፣ እንደገና ከመጀመሪያው ነው። ንጹሕ ጨርቅ አድርጋችሁ፣ ጠበቅ አድርጋችሁ፣ ሳትገልጡ ቢያንስ 10 ደቂቃ ያዙ። ደሙ ጨርቁን ካለፈ ሌላ ጨርቅ ደርቡበት፣ የበታቹን አታንሱ። ነስር ሲሆን ደግሞ ራስን ወደ ኋላ አይጥሉም፤ ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርዳል። ወደ ፊት ጎንበስ ብሎ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆንጥጦ መያዝ ነው። ደሙ እየተንዠቀዠቀ የሚወጣ ከሆነ ግን አጥብቃችሁ ይዛችሁ ወዲያው ሰው ጥሩ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ።

አጭር_መልስ፦
የአየሩን ነገር ተቀብያለሁ። ግን ደም መስታወት ሲነካም ይረጋል ይባላል፣ እውነት ነው? መስታወት ላይ ኮላጅን የለም፣ ቲሹ ፋክተርም የለም።

የላብ_ሰው፦
እውነት ነው፣ ጥያቄህም ቁም ነገር አለው። ምንም ያልተጨመረበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ ደም ከ5 እስከ 15 ደቂቃ ባለው ጊዜ ይረጋል። እዚያ የሚነቃው ፋክተር 12 ነው፤ መስታወት ያነቃዋል። ለረጅም ጊዜ ሰውነት ውስጥም ነገሩ የሚጀምረው ከዚያ ይመስል ነበር። በ1964 ሁለት የተለያዩ ቡድኖች ፋክተሮቹ አንዱ ሌላውን እየቀሰቀሰ እንደሚወርድ የሚያሳየውን ቅደም ተከተል ሲያወጡ ፋክተር 12ን ከላይ አስቀመጡት።

ግን ጆን ሄጅማን የሚባል የባቡር ሠራተኛ ነበር። ፋክተር 12 ጨርሶ አልነበረውም። ደሙ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ለመርጋት እጅግ ይዘገያል። ሰውየው ግን አይደማም ነበር። በ1955 ኦስካር ራትኖፍ የእሱን ነገር ጽፎ አወጣ፤ ፋክተር 12ም በስሙ የሄጅማን ፋክተር ይባላል። በ1968 ሞተ። የሞተው ግን ደም ፈሶት አይደለም፤ ዳሌው ከተሰበረ በኋላ ሳንባው ውስጥ ደም ረግቶበት ነው። ይህን ታሪክ ባነሳሁት ቁጥር ይገርመኛል። ቱቦ ውስጥ የምናየውና ሰውነት ውስጥ የሚሆነው አንድ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም። ሰውነት ውስጥ ዋናው ቀስቃሽ ቲሹ ፋክተር ነው።

ነገር_አጣሪ፦
ሄጅማንን አላውቀውም ነበር። አሁን እንግዲህ ወደ ሁለተኛው ጥያቄ። ትሮምቢን ራሱን እያበዛ ከሄደ ማን ነው የሚያቆመው?

የላብ_ሰው፦
አንድ ብቻ አይደለም። ተደራርበው የተቀመጡ ናቸው፣ ይሄም አስፈላጊነቱን ያሳያል።

ጤነኛው የደም ስር ግድግዳ ዝም ብሎ የተቀመጠ ልባጥ አይደለም። ናይትሪክ ኦክሳይድና ፕሮስታሳይክሊን እያመነጨ ፕላትሌቶችን ያርቃል። ቁስሉ ጋ የነቃው ሁሉ ከቁስሉ ጫፍ አልፎ ጤነኛ ግድግዳ ሲደርስ ይህንን ያገኛል።

አንቲትሮምቢን የሚባል ፕሮቲን ደግሞ ደሙ ውስጥ ይዞራል። ሸሽቶ የወጣ ትሮምቢንና ፋክተር 10 ሲያገኝ ይዞ ከጥቅም ውጪ ያደርጋቸዋል። ሄፓሪን የሚባለው መርፌ የሚሠራው በዚህ በኩል ነው፤ አንቲትሮምቢንን እስከ ሺህ እጥፍ ያፈጥነዋል። የሄፓሪን ታሪክ የጀመረው በ1916 ጄይ ማክሊን የሚባል የሕክምና ተማሪ ጆንስ ሆፕኪንስ ውስጥ ደም የሚያረጋ ነገር ሲፈልግ፣ ከውሻ ጉበት መርጋትን የሚከለክል ነገር ባገኘ ጊዜ ነው።

ሦስተኛው ለእኔ ከሁሉም ይበልጣል። ትሮምቢን ጤነኛ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ትሮምቦሞዱሊን የሚባል ፕሮቲን ይይዘዋል። የተያዘው ትሮምቢን ፋይብሪኖጅን መቁረጡን ይተዋል። በምትኩ ፕሮቲን ሲ የሚባለውን ያነቃል። ፕሮቲን ሲ ከፕሮቲን ኤስ ጋር ሆኖ ፋክተር 5ንና 8ን ይሰባብራል። ልብ በሉ፣ ያው ትሮምቢን ነው። ቁስሉ ላይ ሲሆን ያረጋል፣ ጤነኛ ቦታ ላይ ሲሆን መርጋቱን ያስቆማል። ለነገር_አጣሪ ጥያቄ «የት ላይ ማቆም እንዳለበት በምን ያውቃል?» ለሚለው መልሱ በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው። አንዳንድ ሰዎች በተፈጥሮ ፋክተር 5 ላይ ትንሽ ለውጥ አላቸው፤ ፕሮቲን ሲ ሊሰብረው ይቸገራል። በ1994 ሆላንድ ሌይደን ከተማ ስለተገኘ ፋክተር 5 ሌይደን ይባላል። እነዚህ ሰዎች ደም የመርጋት ዕድላቸው ከሌላው ከፍ ይላል።

መጨረሻ ላይ ማፍረስ አለ። ቁስሉ ሲድን የረጋው ደም መነሳት አለበት። ፕላዝሚን የሚባለው ፋይብሪኑን ቀስ በቀስ ይቆራርጠዋል። 

የልጄ_እናት፦
ይቅርታ፣ ከመሃል ገባሁ። ልጄ ሄሞፊሊያ አለበት፣ ፋክተር 8 ይጎድለዋል ተብለናል። የማይገባኝ ነገር፣ ትንሽ ሲቆረጥ ደሙ እንደ ማንኛውም ልጅ ይቆማል። ግን ወድቆ ጉልበቱን ሲመታ በማግስቱ ያብጣል፣ ይጮሃል። ለምን እንዲህ ይሆናል?

የላብ_ሰው፦
አይዞሽ እህቴ፣ ያየሽው ልክ ነው፣ ምክንያትም አለው። ልጅሽ ፕላትሌቶቹ ደህና ናቸው። ስለዚህ የመጀመሪያው ክምር ይሠራል፤ ትንሽ ቁስል በዚያ ይቆማል። የሚጎድለው ትሮምቢን ብዙ የሚሆንበት ሁለተኛው ዙር ነው። ፋክተር 8 ከሌለ ያ ዙር ደካማ ነው፣ የፋይብሪን መረቡም ሳስቶ ይቀራል። ከሰዓታት በኋላ ይላላና መድማት ይጀምራል። መገጣጠሚያና ጡንቻ ውስጥ የሚሆነው በዚህ ነው።

የፕላትሌት ወይም የቮን ዊልብራንድ ችግር ያለበት ሰው ደግሞ ተቃራኒውን ያሳያል። ነስር ይበዛል፣ ድድ ይደማል፣ ቆዳ ላይ በቀላሉ ይበልዛል፣ ሴቶች የወር አበባ ከመጠን በላይ ይፈሳቸዋል። ብዙ ሴቶች ይሄንን የተፈጥሮ ነገር አድርገው ለዓመታት ይሸከሙታል። በየሰዓቱ ሞዴስ የሚያስቀይር ከሆነ ምርመራ ይገባዋል፤ ይሄን በአጽንኦት ነው የምለው።

የማታ_ተረኛ፦
የልጄ_እናት፣ ከአንድ እናት ጋር ስላወራሁ ይሄንንም ልበልሽ፦ ራስሽን አትውቀሺ። ሄሞፊሊያ ኤ እና ቢ በኤክስ ክሮሞዞም የሚተላለፉ ናቸው። ኤ የሚባለው ፋክተር 8 ሲጎድል ነው፣ ከ5 ሺህ ወንድ ልጆች በአንዱ ገደማ ይታያል። ቢ የፋክተር 9 ነው። ከሄሞፊሊያ ልጆች ሲሶ ያህሉ ቤተሰብ ውስጥ ከዚህ በፊት ያልነበረ፣ አዲስ የመጣ ለውጥ ነው።

ጉልበቱን ሲመታ እስኪያብጥ አትጠብቂ። ፋክተሩ ቶሎ ሲሰጠው ነው መገጣጠሚያው የሚተርፈው። ሐኪም ሳያዝ አስፕሪን ወይም አይቡፕሮፌን አትስጪው፤ ጡንቻው ላይም መርፌ እንዳይወጋ ችግሩን አስቀድመሽ ንገሪ። አሁን በቆዳ ሥር የሚሰጥ ኤሚሲዙማብ የሚባል መድኃኒትም አለ። ከ2017 ጀምሮ በሥራ ላይ ነው። ፋክተር 9ንና 10ን አንድ ላይ አገናኝቶ የፋክተር 8ን ቦታ ይሸፍናል። ስለሱ ሐኪሙን ጠይቂው።

የልጄ_እናት፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እስከዛሬ እንዲህ አድርጎ ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። ስለ መርፌው አላውቅም ነበር፣ እጠይቃለሁ።

ጡረተኛው፦
እኔ ልቤ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ገብቶልኝ ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን እወስዳለሁ። አይ.ኤን.አር. (ደም ለመርጋት የሚወስድበትን ጊዜ የሚያሳይ ቁጥር) እየተባልኩ በየጊዜው ደሜን እሰጣለሁ። አንዳንዴ ከፍ አለ ይሉኛል፣ አንዳንዴ ወረደ። መድኃኒቱን ሳልቀይር ለምን ይዋዥቃል? ደግሞ አስፕሪን የሚወስደው ጓደኛዬ ለምን እንደኔ አይመረመርም?

የላብ_ሰው፦
ጋሼ፣ ሁለቱ መድኃኒቶች የሚነኩት ቦታ ለየቅል ነው።

አስፕሪን የሚነካው ፕላትሌትን ነው። ትሮምቦክሳን የሚሠራውን ኤንዛይም ለዘለዓለም ይዘጋዋል። ፕላትሌት ኒውክለስ ስለሌለው አዲስ ኤንዛይም መሥራት አይችልም፤ እስኪሞት ድረስ እንደተዘጋ ይቀራል። ለዚህ ነው አንድ ትንሽ ክኒን ለቀናት የሚሠራው። መጠኑ ብዙም ስለማይዋዥቅ የዘወትር ምርመራ አይጠይቅም።

ዋርፋሪን የሚሠራው ጉበት ላይ ነው። ፋክተር 2፣ 7፣ 9 እና 10 ተሠርተው ለሥራ ብቁ የሚሆኑት በቫይታሚን ኬ ነው። ቫይታሚን ኬን ያገኘው ዴንማርካዊው ሄንሪክ ዳም ነው፤ ስብ የሌለበት ምግብ የበሉ ጫጩቶች ሲደሙ አይቶ ነው የጀመረው። በ1943 ኖቤል ተሸልሞበታል። ዋርፋሪን የዚህን ቫይታሚን ጥቅም ይቀንሳል። ስለዚህ ቅጠላ ቅጠል አብዝተው የበሉ ሳምንት አይ.ኤን.አር.ዎ ይወርዳል። ምግብ ካልበሉ ወይም አንዳንድ አንቲባዮቲክ ከወሰዱ ይወጣል። አረንጓዴ ነገር አይብሉ ማለት አይደለም ጋሼ። ሳምንት ከሳምንት ተመሳሳይ መጠን ይብሉ ማለት ነው። አዲስ መድኃኒት ሲታዘዝልዎ ዋርፋሪን እንደሚወስዱ ሁልጊዜ ይናገሩ።

መጀመሪያ የተገኘውም ከመድማት ነው። በ1920ዎቹ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ የሻገተ ጣፋጭ ክሎቨር የሚባል መኖ የበሉ ከብቶች ደማቸው አልቆም እያለ ይሞቱ ነበር። ዊስኮንሲን የነበረው ካርል ፖል ሊንክና ባልደረቦቹ መንስኤውን ነጥለው አወጡ። ከዚያ የተሠራው ዋርፋሪን መጀመሪያ ገበያ የወጣው በ1948 የአይጥ መርዝ ሆኖ ነው። በ1954 ለሰው ተፈቀደ። መጠኑ ጠባብ መንገድ ላይ ነው የሚሄደው፣ ምርመራው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ለብዙ ሰው የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው፤ ለቫልቭ እንደ ዓይነቱ ከዚያ ከፍ ሊል ስለሚችል የእርስዎን ሐኪምዎን ይጠይቁ። ጥርስ ለመነቀልም ቢሆን በራስዎ እንዳያቋርጡት።

አጭር_መልስ፦
እህቴ ከወለደች ወዲህ አንድ እግሯ አበጠ፣ ባቷን ያማታል። ሰዎች «ከድካም ነው፣ ይታሽ» ይሏታል። ይሄ ከተነሳው ነገር ጋር ይገናኛል?

የማታ_ተረኛ፦
በጣም ይገናኛል። አትታሽ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሂድ። ከወሊድ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደም የመርጋት ዕድል ከፍ የሚልበት ጊዜ ነው። አንድ እግር ብቻ ሲያብጥ፣ ባት ሲያም፣ ሲሞቅ፣ ሲቀላ እግር ውስጥ ባለው ደም መልስ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ቢታሽ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችላል። በድንገት ትንፋሽ ካጠራት፣ ስትተነፍስ ደረቷን ከወጋት ወይም ደም ካሳላት አንድ ደቂቃ አትጠብቁ።

አጭር_መልስ፦
ሄደች። አልትራሳውንድ ተነስታ ረግቷል ብለው መርፌ ጀምረውላታል። ክኒንም ሰጥተዋታል፣ ዋርፋሪን። ሁለቱንም ለምን አንድ ላይ?

የላብ_ሰው፦
እንኳን ቶሎ ሄደች። መርፌው (ሄፓሪን) ደሟ ውስጥ ያለውን አንቲትሮምቢን ስለሚያፈጥን ወዲያው ይሠራል። ዋርፋሪን ግን አዲስ ፋክተር እንዳይሠራ ነው የሚያደርገው፤ ከዚህ በፊት ተሠርቶ ደሟ ውስጥ ያለው እስኪያልቅ መጠበቅ አለበት። ፋክተር 7 በ6 ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፣ ፕሮትሮምቢን ግን ከ2 ቀን በላይ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ፕሮቲን ሲም ይወርዳል፣ እሱ ደግሞ የሚጠብቃት ነው። ስለዚህ አይ.ኤን.አር.ዋ እስኪስተካከል መርፌው ይቀጥላል። ጡት ብታጠባም ዋርፋሪን ከልካይ አይደለም።

ነገር_አጣሪ፦
አንድ የመጨረሻ ነገር። ደሙ ከመጠን በላይ ለረጋበት ሰው የሚያቀልጥ ካለ፣ ለሚደማ ሰው ደግሞ የረጋው ቶሎ እንዳይፈርስ የሚያደርግ አለ?

የማታ_ተረኛ፦
አለ፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ ይባላል። ጃፓናዊቷ ኡታኮ ኦካሞቶና ባለቤቷ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያገኙት ነው። ፕላዝሚን ፋይብሪኑን እንዳይይዝ ስለሚከለክል መረቡ ሳይፈርስ ይቆያል። በ2010 አደጋ በደረሰባቸው 20 ሺህ ሰዎች ላይ፣ በ2017 ደግሞ ከወሊድ በኋላ በሚደሙ 20 ሺህ ሴቶች ላይ የተሠሩ ትልልቅ ጥናቶች በደም መፍሰስ የሚመጣ ሞትን እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ግን በ3 ሰዓት ውስጥ መሰጠት አለበት፤ በዘገየ ቁጥር ጥቅሙ ይቀንሳል። በአንደኛው ጥናት ከ3 ሰዓት በኋላ የተሰጣቸው የአደጋ ተጎጂዎች ተጎድተውበታል። የወለደች ሴት ከመጠን በላይ ስትደማ «ትንሽ እንይ» ማለት የሌለብን ለዚህም ነው።

የላብ_ሰው፦
የማቅለጡን በኩል ልጨርሰው። ቲፒኤ የሚባለው መድኃኒት ፕላዝሚን እንዲነቃ ያደርጋል። ደም ረግቶ ስትሮክ ለያዘው ሰው ምልክቱ ከጀመረ በ4 ሰዓት ተኩል ውስጥ ይሰጣል፤ መጀመሪያ ግን ጭንቅላቱ በሲቲ ስካን ታይቶ ደም ያልፈሰሰው መሆኑ ይረጋገጣል። ፊቱ የተጣመመ፣ እጁ የዛለ፣ አንደበቱ የተያዘ ሰው ስታዩ ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ። ሐኪሙ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ እሱን ነው።